ስታዲየም የተሰየመለት ተማሪ፦ ጃክ ትራይስ

ተረኛ ካልሆንኩ በመስከረምና በጥቅምት ቅዳሜዎች እቤት አልገኝም። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፤ ከዚያ እየተነሳሁ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ወደሚታይባቸው ከተሞች እነዳለሁ። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ እንቁላል የሚመስለውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋፉበትን የአሜሪካኖቹን ነው። የባቼ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቁብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሕጉን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ አጠገቤ ያለውን ሰው መጠየቄ አልቀረም።

መጀመሪያ የሳበኝ ጨዋታው ሳይሆን ሕዝቡ ነው። አን አርበር ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107,000 በላይ ሰው ይይዛል። ይህ ሁሉ ሰው የሚሰበሰበው ተማሪዎች ሲጫወቱ ለማየት ነው። ከተመረቁ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት የኮሌጃቸውን ቀለም ለብሰው፣ የልጅ ልጅ በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ። በልጅነቱ አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ የካታንጋን ጩኸት የሰማ ሰው እዚህም ብዙ እንግድነት አይሰማውም።

ከጎበኘኋቸው ስታዲየሞች ሁሉ ግን በልቤ የቀረው ትልቁ አይደለም። ኤምስ በምትባል የአይዋ ከተማ ያለው ነው። ከሚኒያፖሊስ በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል፤ መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ነው። ስታዲየሙ የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከ61,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ ይህም ከከተማው ነዋሪ ቁጥር ብዙ አይርቅም። እዚያ የአንድ ወጣት የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ኳስ አልያዘም፤ ወረቀት ያነባል። ስታዲየሙም የተሰየመው በእሱ ስም ነው።

በአሜሪካ ስታዲየም የሚሰየመው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ለሰጠ ሰው፣ ለኩባንያ ወይም ብዙ ላሸነፈ አሰልጣኝ ነው። ጃክ ትራይስ ግን ድሃ ተማሪ ነበር፤ ለኮሌጁ ዋና ቡድን የተጫወተውም ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ታሪኩን ላጫውታችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጃክ የተወለደው በሜይ 12 ቀን 1902 ኦሃዮ ውስጥ ሃይረም በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ በጥቁሮች የፈረሰኛ ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ነበር፤ ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው ሞተ። ጃክ ለእናቱ ለአና አንድ ልጅ ነው። እናትየው ብቻዋን አሳደገችው፤ ከፍ ሲል ክሊቭላንድ ያለ አጎቱ ዘንድ ላከችው፤ ኢስት ቴክኒካል በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሳም ዊላማን የሚባል አሰልጣኝ አገኘ። ዊላማን በ1922 ወደ አይዋ ስቴት ኮሌጅ ሲዛወር ከቀድሞ ተጫዋቾቹ ጥቂቶቹን ይዞ ሄደ፤ ከእነሱ አንዱ ጃክ ነበር። በኮሌጁ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ስፖርተኛ ሆነ።

ወደ ኤምስ የሄደው ለኳስ ብቻ አልነበረም። የመረጠው ትምህርት የእንስሳት እርባታ ነው። ሐሳቡም ተመርቆ ወደ ደቡብ ወርዶ ጥቁር ገበሬዎችን በተማረው ለመርዳት ነበር። ያው፣ ምሳሌ የሚሆነው ሰው ከዚያው ግቢ ወጥቷል። በባርነት ተወልዶ ታላቅ የእርሻ ሳይንቲስት የሆነው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1894፣ ሁለተኛውን በ1896 ያገኘው ከአይዋ ስቴት ነው፤ ከዚያ ነው ወደ አላባማ የወረደው። ጃክም በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። ኮራ ሜይ የምትባል ወጣት አግብቶ፣ ለመኖሪያው እየሠራ ይማር ነበር። በወቅቱ ሕግ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን መሰለፍ ስለማይችል የመጀመሪያውን ዓመት በልምምድ አሳለፈ።

ዘመኑን አስቡት። ጥቁር ተጫዋች ካለበት ቡድን ጋር አንጋጠምም የሚሉ ኮሌጆች ነበሩ። ስለዚህ ጃክ ሜዳ የሚገባው እንደ አንድ ተጫዋች ሆኖ አልነበረም። ቢወድቅ የሚወድቀው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። በኦክቶበር 5 ቀን 1923 ሌሊት፣ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከሚደረገው ግጥሚያ በፊት፣ ሚኒያፖሊስ ባረፈበት ሆቴል ወረቀት ላይ ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ። የዘሩ፣ የቤተሰቡና የራሱ ክብር በነገው ጨዋታ እንደሚፈተን ጻፈ፤ ሁሉም ከእሱ ትልቅ ነገር እንደሚጠብቅና ሥጋውንም ነፍሱንም ሳይሰስት እንደሚሰጥ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሥራው ገባ፤ ዝቅ ብሎ፣ ዓይኑን ገልጦ እንዲጫወት ራሱን መከረ። ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። ሐውልቱ ላይ የሚያነበው ይህንን ነው።

ጨዋታው ቅዳሜ ኦክቶበር 6 ነበር። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደረትን ከትከሻ የሚያያይዘው አጥንት፣ እኛ ክላቪክል የምንለው፣ ተሰበረበት። ደህና ነኝ ብሎ ቀጠለ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ክላቪክሉ የተሰበረ ሰው ክንዱን ሲያነሳ ምን እንደሚሰማው ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን በዚያ ትከሻ ከአጥቂዎች ጋር ይጋፋ ነበር። በሦስተኛው ሩብ ላይ የተጋጣሚዎቹን መንገድ ለመዝጋት ሰውነቱን እግራቸው ሥር ወረወረ፤ በጀርባው ወደቀ፤ የሚኒሶታ ተጫዋቾች ረገጡት። ሆን ተብሎ ነው ወይስ የጨዋታው ጠባይ ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በቦታው የነበሩ ሰዎችም በአንድ ቃል አልተናገሩም። እሱ ግን አሁንም ደህና ነኝ አለ። መቆም ሲያቅተው አወጡት። ሚኒሶታ 20 ለ17 አሸነፈች።

ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሐኪሞች አዩትና ወደ ቤቱ መጓዝ ይችላል አሉ። ከጓደኞቹ ጋር በባቡር ተሳፍሮ ኤምስ ገባ። ሰኞ ኦክቶበር 8 ሞተ። የገደለው የሳንባና የውስጥ ደም መፍሰስ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

ይህንን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነበር፤ እንዴት ለቀቁት? ቆይቼ ሳስበው ግን ቁጣዬ ሙሉ ልቤን አልሞላም። በ1923 ራጅ ነበር፤ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን አልነበሩም። ደግሞም የወጣት ስፖርተኛ ሰውነት እንዴት እንደሚያታልል የምታውቁት ነው። ደሙ እየጎደለ ልቡ ይፈጥናል፣ ዳር ዳር ያሉት ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ የደም ግፊቱ ግን ብዙ ሳይወርድ ይቆያል። መውረድ ሲጀምር ጊዜ አይሰጥም። በዚህ ላይ ታማሚው ራሱ ደህና ነኝ እያለ ነው። ልጁ ያንን ያለው ሕመም ስላልተሰማው አልነበረም። አመመኝ ማለት ያልተፈቀደለት ሰው ነበር፤ ከሌሊቱ በፊት የጻፈው ማስታወሻ ይህንኑ ይናገራል። ማስታወሻው ግን የተገኘው ከሞተ በኋላ፣ ለቀብሩ ሲዘጋጁ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ በግቢው መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ተሰበሰቡ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሬይመንድ ፒርሰን ማስታወሻውን ለሕዝቡ አነበቡት። ተማሪዎችና መምህራን ከ2,000 ዶላር በላይ አዋጥተው ለቀብሩና ለእናቱ የቤት ዕዳ ሰጡ። አስከሬኑ ወደ ሃይረም ተመልሶ እዚያ ተቀበረ። አይዋ ስቴትም ከ1924 በኋላ ከሚኒሶታ ጋር እስከ 1989 ድረስ አልተጋጠመም።

ከዚያስ? ከዚያማ ተረሳ። ማስታወሻው የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አሮጌው ጂምናዚየም ውስጥ ተሰቅሎ አቧራ ለበሰ። ተማሪ ይመረቃል፣ መምህር ጡረታ ይወጣል፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላ ጃክን የሚያውቅ በግቢው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የቀረውን ታሪክ የሠሩት ተማሪዎች ናቸው። በ1973 አንድ የእንግሊዝኛ ክፍል ከመምህሩ ጋር የጃክን ጉዳይ መመርመር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ያን ጊዜ አዲስ ስታዲየም እየሠራ ነበርና ተማሪዎቹ በጃክ ስም ይሰየም አሉ። በ1975 ስታዲየሙ ተከፈተ፤ የጃክ ስም አልነበረበትም። በ1984 ነገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ስታዲየሙ በቡድኑ መጠሪያ ሳይክሎን ተባለ፤ ሜዳው ብቻ በጃክ ስም ተጠራ። ተማሪዎች በዚህ አልረኩም፤ ራሳቸው ገንዘብ አሰባስበው በ1988 ሐውልቱን አቆሙ። በመጨረሻ በ1997 ስታዲየሙ ጃክ ትራይስ ተባለ። በከፍተኛው የኮሌጅ ፉትቦል ምድብ በጥቁር አሜሪካዊ ስም የተጠራ ስታዲየም ለብዙ ዓመታት እሱ ብቻ ነበር።

ከ1973 እስከ 1997 ሃያ አራት ዓመት ነው። ጥያቄውን ያነሱት ተማሪዎች በሦስትና በአራት ዓመት ተመርቀው ወጥተዋል። የሚቀጥለው ባች ተረከበ፤ ከዚያ የሚቀጥለው። ማንም በአካል የማያውቀውን ልጅ ስም እንደ ዱላ ቅብብል ተቀባበሉት። በ2023 ደግሞ፣ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው ያልጨረሰውን የእንስሳት እርባታ ዲግሪ ሰጠው።

ይህንን ሁሉ እዚህ የጻፍኩት ስለ ስታዲየም ለማውራት ብቻ አይደለም። ጨዋታው የተደረገበት የሚኒያፖሊሱ ሜዳ ዛሬ የለም፤ እኔም በዚያው ከተማ ለዓመታት ስኖር የጃክን ስም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኤምስ ሄጄ ሐውልቱ ሥር ስቆም ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ልጅ ነው። የባቼ ልጆች ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከገጠር የመጣ፣ ከአካባቢው ሕክምና የገባ የመጀመሪያው ተማሪ ነበር። አናቶሚ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነበርን። ሲ ዋን ላይ ሆዱን ይዞ ሁለት ቀን ክፍል ገባ። ስንጠይቀው ጨጓራዬ ናት፣ ደህና ነኝ ይል ነበር። እኛም እሺ አልን። ስለ ሆድ ሕመም የሚያስተምረንን መጽሐፍ በእጃችን ይዘን፣ ማንኛችንም ሆዱን አልነካንም። ጨጓራው ተበስቶ ነበር። ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ጊዜው አልፏል።

እሱም አመመኝ ማለት ያልተፈቀደለት ልጅ ነበር፤ አንድ መንደር ሙሉ እየጠበቀው እንዴት ይታመማል? ይህንን ያወቅሁት ለቅሶ ስንደርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ የሚል ታማሚ ሲገጥመኝ ሆዱን ሳልነካ፣ ፐልሱን ራሴ ሳልቆጥር አልለቅም። አስታማሚዎች ይሰለቹብኛል፤ ይሰልቹ።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየመጽሔቱ የተመራቂዎቻችን ስም ዝርዝር ይወጣል። ከእኛ ጋር ጀምረው ሳይመረቁ ያረፉት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ስማቸውን የምናውቅ እኛ ስናልፍ አብሮ ያልፋል። ስታዲየም አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ ይሰጣቸው፤ እያንዳንዱ ባች የራሱን ስም ይላክ። መምህራኖቻችንም ከመዝገብ ቤት ቢያግዙን ሥራው ይቀላል። ከእኛ ባች የሚላከውን እኔ አዘጋጃለሁ። የአናቶሚ ግሩፓችን ፎቶ እኔ ዘንድ አለ፤ ከግራ ሁለተኛው እሱ ነው።