ዊልያም ሊርና ሳይፈጸም የቀረው አይሮፕላናቸው

ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ እኛ የመረጥነው በፈጸሙት ሥራ ብቻ ሳይሆን ሳይፈጽሙት በቀረውም ስማቸው የሚነሣውን አሜሪካዊውን ሚስተር ዊልያም ሊርን ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሚስተር ሊር በጁን 26 ቀን 1902 ዓ.ም. በሚዙሪ፣ ሐኒባል በምትባል ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህን የጻፍነው ግን ታናናሾቻችን አርአያ እንዲያደርጉት አይደለም። በአውቶሞቢል ውስጥ የሚሠራ ራዲዮ ካወጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። አይሮፕላንን ያለ አብራሪ እጅ የሚመራ መሣሪያ ስለ ሠሩም የ1949 ዓ.ም. የኮሊየር ሽልማት ተሰጣቸው። በ1963 ዓ.ም. ሊርጄት የተባለችው ትንሽ የነጋዴዎች ጄት በካንሳስ፣ ከዊቺታ ከተማ ተነሥታ በረረች።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ባረፈ ነበር። እርሳቸው ግን ኩባንያውን በ1967 ዓ.ም. ሸጡ፤ በእንፋሎት የሚሄድ አውቶቡስ ሠርተውም ብዙ ገንዘብ ከሰሩ። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ደግሞ በኔቫዳ፣ በሬኖ ከተማ ሆነው ሊር ፋን የተባለውን አይሮፕላን ነደፉ።

በተለመደው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ሞተሮቹ በቀኝና በግራ ክንፍ ላይ ስለሚሆኑ፣ አንደኛው ቢቆም ሌላው አይሮፕላኑን ወደ ጐን ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ አብራሪው ካልፈጠነ ይወድቃል። ሚስተር ሊር ሁለቱን ሞተሮች ከኋላ በአካሉ ውስጥ አስገብተው፣ በጅራቱ ጫፍ ያለውን አንድ ፕሮፔለር አብረው እንዲያዞሩ አደረጓቸው። አንዱ ቢቆም እንኳ ግፊቱ ከመካከል አይለቅም። አካሉም እንደ ልማዱ ከአሉሚኒየም ሳይሆን በብርቱ ሙጫ ከተያያዘ የካርቦን ክር ስለ ተሠራ ቀላል ነበር።

በሜይ 1978 ዓ.ም. ሚስተር ሊር በደም ካንሰር ዐረፉ። ሙሴ ምድረ ከነዓንን በሩቅ አይቷል፤ እርሳቸው ግን አይሮፕላናቸው ከመሬት ሲነሣ እንኳ አላዩም። ሥራውን እንዲፈጽሙ አደራ የተቀበሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሞያ ሊር ናቸው።

የእንግሊዝ መንግሥት፣ ፋብሪካው ሥራ ፈት በበዛበት በሰሜን አየርላንድ እንዲቆም ብሎ ገንዘብ ሰጠ፤ ነገር ግን አይሮፕላኑ 1980 ዓ.ም. ሳያልቅ እንዲበር ውል ነበረ። በዓመቱ መጨረሻ ቀን ብልሽት ስለ ተገኘበት ሳይነሣ ዋለና በማግሥቱ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በረረ። ሹማምንቱም አዝነው ዲሴምበር 32 ቀን 1980 ዓ.ም. በረረ ብለው መዘገቡ። እኛ የቤት ሥራችንን አንድ ቀን አሳልፈን ስናመጣ እንዲህ ያለ የቀን መቍጠሪያ አላገኘንም።

ይሁን እንጂ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣኖች የበረራ ምስክር ወረቀት ከለከሉ። ሞተሮቹ ሁለት ቢሆኑም ኃይላቸው የሚያልፈው በአንድ ካምቢዮ ነው፤ ካምቢዮው ከተሰበረ ሁለቱም ሞተሮች በደኅና እየሠሩ ፕሮፔለሩ ይቆማል። እንደሚመስለን ሚስተር ሊር አደጋውን ከክንፎቹ ላይ አንሥተው በአንድ ሳጥን ውስጥ ሰበሰቡት፤ መርማሪዎቹም መፍራታቸው አግባብ ነበር። ገንዘቡ አለቀ፤ በ1985 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ። የተሠሩት አይሮፕላኖች ሦስት ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ወደ ሲያትል የበረራ ቤተ መዘክር ተወሰደ። በላዩ የተጻፈው ምልክት ኤን 626 ቢ ኤል ነው፤ የተወለዱበት ስድስተኛው ወር፣ ሃያ ስድስተኛው ቀን፣ የስማቸውም ሁለት ፊደላት።