ካርል ሹርዝ፦ ከስደተኝነት እስከ ሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጀርመን ግዛቶች ተነስተው ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሻገሩት ሚሊዮኖች መካከል ስማቸው ከመንግሥት አስተዳደር ታሪክ ጋር ተያይዞ የሚነሳው ካርል ሹርዝ ናቸው። በተወለዱበት አገር በመንግሥት የሚፈለጉ ሸሽተኛ የነበሩት ሹርዝ፣ በተሰደዱበት አገር ጄኔራል፣ ሴናተርና ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። ከሁሉም በላይ ግን የሚታወሱት የመንግሥት ሥራ በፓርቲ ደጋፊነትና በትውውቅ መሰጠቱ ቀርቶ በፈተና በተረጋገጠ ችሎታ እንዲሰጥ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ባደረጉት ጥረት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ሹርዝ ማርች 2 ቀን 1829 በፕሩሲያ መንግሥት ሥር በነበረው የራይን አውራጃ፣ ከኮሎኝ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው በሊብላር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ክርስቲያን ሹርዝ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩ ሲሆን፣ እናታቸው ማሪያነ ዩሰን የአንድ ባላባት እርሻ በኪራይ ያስተዳድሩ የነበሩ ገበሬ ልጅ ናቸው። አባት መምህርነቱን ትተው ወደ ንግድ ቢገቡም ሥራው አልቀናቸውም። በዕዳ ምክንያት እስከ መታሰር በመድረሳቸው ካርል በኮሎኝ ይከታተሉት የነበረውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አቋርጠው የቤተሰቡን ጉዳይ ለማስተካከል ተገደዱ። ኋላ ግን በግላቸው ተዘጋጅተው የመልቀቂያ ፈተናውን በማለፍ ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

በ1848 በአውሮፓ የተቀጣጠለው አብዮት ወጣቱን ተማሪ ከመጽሐፍት ወደ አደባባይ አወጣው። የጀርመን አንድነትና የሕገ መንግሥት ጥያቄ ካነሱት ወገኖች ጋር ተሰልፈው ከመምህራቸው ከፕሮፌሰር ጎትፍሪድ ኪንክል ጋር በጋዜጣ ሥራ ተሳተፉ። በ1849 የፕሩሲያ ጦር የአብዮተኞቹ የመጨረሻ ምሽግ የነበረውን የራሽታትን ምሽግ ሲከብ ሹርዝ በውስጡ ነበሩ። እጅ መስጠት ማለት ለእርሳቸው ምናልባትም የሞት ፍርድ ማለት ነበር። ስለዚህም ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር በከተማዋ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ውስጥ አልፈው ካመለጡ በኋላ የራይንን ወንዝ ተሻግረው ፈረንሳይ ገቡ። መምህራቸው ኪንክል ግን ተይዘው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

ሹርዝ መምህራቸውን በእስር ቤት ትተው በሰላም መኖር አልፈለጉም። በ1850 በሐሰት ስም ወደ ፕሩሲያ ተመልሰው ለወራት ከተዘጋጁ በኋላ በኖቬምበር ወር አንድ የእስር ቤት ጠባቂ አግባብተው ኪንክልን ከሽፓንዳው እስር ቤት በገመድ አስወርደው አስመለጡ። ሁለቱም በባልቲክ ባሕር በኩል በመርከብ ወደ ብሪታንያ ተሻገሩ። በወቅቱ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት የነበሩት ሹርዝ በዚህ ተግባር በመላው አውሮፓ ስማቸው ታወቀ።

በለንደን የስደት ኑሯቸው ከሀምቡርግ ከተማ የመጡትን ማርጋሬተ ማየርን ተዋውቀው በጁላይ 1852 ጋብቻ ፈጸሙ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ኒው ዮርክ ደረሱ። በ1850ዎቹ ብቻ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመናውያን አሜሪካ ገብተዋል። አብዛኞቹን ያፈለሳቸው የመሬት ጥበትና የኑሮ ችግር ሲሆን፣ ከአብዮቱ መክሸፍ በኋላ የተሰደዱት ጥቂት ሺዎች ግን በፖለቲካና በጋዜጣ ሥራ ከቁጥራቸው በላይ ተሰሚነት አገኙ። ሹርዝም እንግሊዝኛን በየዕለቱ ጋዜጣ በማንበብ ተምረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሁለቱም ቋንቋዎች የተደነቁ ተናጋሪ ሆኑ።

ቤተሰቡ መጀመሪያ በፊላደልፊያ ከኖረ በኋላ በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው በዋተርታውን ከተማ ሰፈረ። የሹርዝ ወላጆችና እህቶችም ባሕር ተሻግረው በዚያው ተሰባሰቡ። በ1856 ማርጋሬተ ሹርዝ ልጃቸውን አጋተንና ጥቂት የዘመድ ልጆችን ሰብስበው ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮበል ባፈለቁት ዘዴ በጨዋታና በመዝሙር ማስተማር ጀመሩ። ይህ በቤት ውስጥ የተጀመረ ትምህርት በዩናይትድ ስቴትስ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ተደርጎ ይወሰዳል። ትምህርቱ ይሰጥ የነበረውም በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በጀርመንኛ ነበር። ከወይዘሮ ማርጋሬተ ጋር ተገናኝተው ስለ ዘዴው የተረዱት የቦስተኗ ኤልሳቤጥ ፒቦዲ በ1860 በእንግሊዝኛ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ሐሳቡን በሌሎች ከተሞችም እንዲስፋፋ አድርገዋል።

ሹርዝ ባርነትን የሚቃወመውን አዲሱን ሪፐብሊካን ፓርቲ ተቀላቅለው በ1860ው ምርጫ ጀርመናዊ ትውልድ ያላቸውን መራጮች ለአብርሃም ሊንከን ድጋፍ ቀሰቀሱ። ሊንከን ካሸነፉ በኋላ በ1861 የስፔን ሚኒስትር፣ ማለትም የመንግሥታቸው መልእክተኛ፣ አድርገው ሾሟቸው። ኋላ በብርቱ የተቃወሙት ሹመትን ለምርጫ ውለታ መክፈያ የማድረግ ልማድ ያን ጊዜ እርሳቸውንም ተጠቃሚ ማድረጉን ልብ ይሏል። የእርስ በርስ ጦርነቱ እየበረታ ሲሄድ ግን ሥልጣኑን ለቀው ወደ ጦር ሜዳ በመግባት በ1862 ብርጋዴር ጄኔራል፣ በ1863 ደግሞ ሜጀር ጄኔራል ሆኑ። በቻንስለርስቪልና በጌቲስበርግ ጦርነቶች ተሰልፈዋል። በቻንስለርስቪል በደረሰው ሽንፈት ብዙ ጀርመናውያን የነበሩበት ጓድ በፈሪነት ሲወነጀል፣ ክሱ ፍትሐዊ አለመሆኑን ለማስረዳት ለዓመታት ተከራክረዋል።

ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ፕሬዝዳንት አንድሩ ጆንሰን የደቡብ ግዛቶችን ሁኔታ አጥንተው እንዲያቀርቡ ላኳቸው። ሹርዝ ለሦስት ወራት ያህል ተዘዋውረው ያዘጋጁት ሪፖርት ነፃ በወጡት ጥቁሮች ላይ ግፍ እንደሚፈጸምና የመምረጥ መብት ካልተሰጣቸው ነፃነታቸው ዋስትና እንደማይኖረው የሚገልጽ ነበር። ፕሬዝዳንቱ መስማት የፈለጉት ይህን አልነበረም፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ የደረሰው ኮንግረስ ጠይቆ ካሳተመው በኋላ ነው።

ሹርዝ ቀጥሎ በሴንት ሉዊስ ከተማ የአንድ ጀርመንኛ ጋዜጣ ባለቤትና አዘጋጅ ከሆኑ በኋላ በ1869 የሚዙሪን ግዛት በመወከል የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገቡ። በጀርመን ተወልዶ የአሜሪካ ሴናተር ለመሆን የበቃ ሰው ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር በችሎታ ላይ እንዲመሠረት የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ ግን አልተቀበለውም።

የዘመኑ አሠራር እንደሚከተለው ነበር። ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲ ከሚኒስትር እስከ ፖስታ ቤት ኃላፊ ያለውን የሥራ ቦታ እንደ ጦር ምርኮ ለደጋፊዎቹ ያከፋፍላል። የነበረው ሠራተኛ ሥራውን ቢያውቅም ባያውቅም ይሰናበታል። የተቀጠረውም ከደመወዙ የተወሰነውን ለፓርቲው እንዲያዋጣ ይጠየቃል። ሥራው በቀጣዩ ምርጫ እንደሚነጠቅ የሚያውቅ ሠራተኛ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ፈሊጥ ቢከተል የሚያስደንቅ አልነበረም። በመሬት፣ በጡረታና በቀረጥ መሥሪያ ቤቶች ጉቦና ምዝበራ ተስፋፍቶ ነበር።

ፕሬዝዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ በ1877 ሹርዝን የአገር ውስጥ ሚኒስትር አድርገው ሲሾሙ ሐሳባቸውን በተግባር የሚፈትኑበት ዕድል ተገኘ። ሚኒስቴሩ የመንግሥት መሬትን፣ ጡረታን፣ የፈጠራ ባለቤትነት ምዝገባንና የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ በአንድነት የያዘ ሰፊ መሥሪያ ቤት ነበር። ሹርዝ ያለ በቂ ምክንያት ሠራተኛ እንዳይሰናበት አደረጉ፤ ለጸሐፊነት የሚያመለክቱትም የውድድር ፈተና እንዲወስዱ ሥርዓት ዘረጉ። በነባር ሕዝቦች ጉዳይ ቢሮ የተፈጸመውን ምዝበራ አስመርምረው ጥፋተኞችን ከሥራ አስወገዱ። የመንግሥትን ደን እየመነጠሩ በሚሸጡ ነጋዴዎች ላይም ክስ እንዲመሠረት አደረጉ። ለዚህ ሁሉ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ጠላቶቻቸው ሆኑ።

ይሁን እንጂ የሹርዝ የሥራ ዘመን ከነቀፋ ነፃ አይደለም። የፖንካ ሕዝብ ከትውልድ ቀዬው ተነቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛት በግዳጅ የተጓዘው በ1877 እርሳቸው ሥልጣን እንደያዙ ሲሆን፣ ብዙዎች በበሽታና በእንግልት አልቀዋል። በ1879 በፔንሲልቬንያ የተከፈተውን የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤትም ደግፈዋል። ወደዚህ ትምህርት ቤት የተወሰዱ የነባር ሕዝቦች ልጆች ጸጉራቸው ተቆርጦ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ይከለከሉ ነበር። ባለቤታቸው በዋተርታውን ለስደተኛ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲያስተምሩ የተመለከቱ ሰው፣ ያንኑ መብት ለአገሩ ባለቤቶች ልጆች አለማሰባቸው የታሪካቸው ትልቅ ጥላ ነው። በ2024 ፕሬዝዳንት ጆ ባይደን በእነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለደረሰው በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። በሴናተርነታቸው ዘመንም የፌዴራሉ መንግሥት በደቡብ የሚገኙ ጥቁሮችን ለመጠበቅ በኃይል ጣልቃ መግባቱን መቃወማቸው በ1865 ራሳቸው ካቀረቡት ሪፖርት ጋር የሚጋጭ ነበር።

ሹርዝ በ1881 ከሚኒስትርነት ሲሰናበቱ የጀመሩት ሥርዓት የአንድ መሥሪያ ቤት አሠራር እንጂ የአገር ሕግ አልነበረም። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሹመት ጠይቆ የተነፈገ ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ፕሬዝዳንት ጄምስ ጋርፊልድን በጥይት መታቸው፤ ፕሬዝዳንቱም በሴፕቴምበር ወር አረፉ። ግድያው ሕዝቡን ክፉኛ በማስቆጣቱ ኮንግረስ ለዓመታት ሲገፋው የነበረውን ማሻሻያ ለመቀበል ተገደደ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1883 የጸደቀው የፔንድልተን ሕግ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን አቋቁሞ የውድድር ፈተናን አስገዳጅ አደረገ፤ ከሠራተኛው የፖለቲካ መዋጮ መሰብሰብንም ከለከለ። በመጀመሪያ የሸፈነው ከፌዴራል መንግሥት የሥራ ቦታዎች 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ስለዚህም ሹርዝ ትግሉን አላቆሙም። ከ1892 ጀምሮ የብሔራዊ ሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ማኅበር ፕሬዝዳንት በመሆን ሕጉ ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንዲስፋፋ ለዓመታት ሠርተዋል።

በግል ሕይወታቸው ሐዘን አልተለያቸውም። ወይዘሮ ማርጋሬተ በ1876 ከወሊድ በኋላ በአርባ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። ሹርዝ ዳግመኛ አላገቡም። ማርጋሬተ በሞቱበት ዓመት የተወለደው ልጃቸው ኸርበርትም በ1900 አባቱን ቀድሞ አርፏል። በመጨረሻዎቹ ዓመታቸው አሜሪካ ከስፔን ጋር ካደረገችው የ1898 ጦርነት በኋላ ፊሊፒንስን መያዟን በመቃወም ጽፈዋል፤ ተናግረዋልም። ሜይ 14 ቀን 1906 በሰባ ሰባት ዓመታቸው በኒው ዮርክ ከተማ አርፈው በዚያው ግዛት በሚገኘው በስሊፒ ሆሎው መካነ መቃብር ተቀብረዋል።

ዛሬ በኒው ዮርክ የከተማዋ ከንቲባ መኖሪያ የሚገኘው በካርል ሹርዝ ስም በተሰየመው መናፈሻ ውስጥ ነው። የዋተርታውኑ የመዋዕለ ሕፃናት ቤትም በቅርስነት ተጠብቋል። ከመታሰቢያዎቹ ይልቅ ሰፊ የሆነው ውርሳቸው ግን በሕግ የቆመው አሠራር ነው። በገዛ መሥሪያ ቤታቸው የጀመሩት የጸሐፊዎች ፈተና እርሳቸው ከሥልጣን ሲወርዱ አብሮ የሚወርድ ነበር፤ ከ1883 በኋላ ግን ማንም ሚኒስትር ቢመጣ ቢሄድ ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ በቦታው የሚቆይበት መሠረት ተጣለ። ይህን መሠረት ለመጣል የፈጀው ጊዜ፣ ለእርሱም የተከፈለው የአንድ ፕሬዝዳንት ሕይወት፣ አሠራርን በሕግ ማጽናት ሲዘገይ የሚያስከትለውን ዋጋ ያሳያል።