የብየዳውን ዘንግ ያለበሱት መሐንዲስ፦ ኦስካር ሼልበርግ

በኤሌክትሪክ ብየዳ የሚሠለጥን ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚገጥሙት ችግሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያናድደው ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ መቅረቱ ነው። ኮረንቲው አንሶ ወይም እጁ ዘግይቶ ዘንጉ ሲያዝበት ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ያላቅቀዋል፤ በዚህ ጊዜ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሽፋኑ ተሰባብሮ ይረግፋል። ሠልጣኙም ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቈጥር በተራቈተው ሽቦ ሥራውን ለመቀጠል ይሞክራል። አርኩ ይዋልላል፤ ፍንጣሪው ይበዛል፤ የወረደውም ብረት እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል። ይህ ሠልጣኝ ሳያውቀው ለጥቂት ሴኮንዶች ከ1907 በፊት ወደ ነበረው የብየዳ ዘመን ተመልሷል ማለት ነው። ሙያውን ከዚያ ዘመን ካወጡት ሰዎች ቀዳሚው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኦስካር ሼልበርግ ናቸው። (ስማቸውን በመሣሪያዎች ላይ እንደ ተጻፈው የሚያነቡ ባልደረቦቻችን ክዬልበርግ ይሏቸዋል፤ የአገራቸው ሰዎች አነባበብ ግን ለሼልበርግ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሼልበርግ በ1870 በምዕራብ ስዊድን፣ በቬርምላንድ አውራጃ፣ አርቪካ በምትባል ከተማ ተወለዱ። የምሕንድስና ሙያ ከቀሰሙ በኋላ በእንፋሎት መርከቦች ላይ በመሐንዲስነት አገልግለዋል። በዚያ ዘመን የመርከብ አካልም ሆነ የእንፋሎት ቦይለር የሚገጣጠመው በሪቬት ነበር። ሳህኖቹ ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው ይበሳሉ፤ የጋለ ሪቬት ይገባባቸዋል፤ ጭንቅላቱም በመዶሻ ይደቈሳል። ቦይለሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቍጥር ብረቱ እየሰፋና እየጠበበ መጋጠሚያውን ያላላዋል፤ ከዚያም እንፋሎቱና ውኃው ማምለጥ ይጀምራል። የመርከቡ መሐንዲስ የነበረው መፍትሔ የሳህኑን ጠርዝ በመሮና በመዶሻ እየወቀረ ክፍተቱን መድፈን ነበር፤ ይህም ብዙ ሳይቈይ መልሶ ያፈስሳል። በጠባብ የሞተር ክፍል ውስጥ ግፊት ያዘለ ቦይለር ሲያፈስስ ደግሞ ጉዳዩ የጥገና ወጪ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የቆመው ሰው ሕይወት ጭምር ነው። ሼልበርግ ወደ ብየዳ የመጡት በዚህ በኩል ነው።

አርክን ለብየዳ ያዋሉት እርሳቸው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል። በ1880ዎቹ በሩሲያ ኒኮላይ ቤናርዶስ በካርቦን ዘንግና በብረት መካከል አርክ እየፈጠሩ ብረት ማቅለጥና ማያያዝ ችለው ነበር። በ1888 ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ካርቦኑን ትተው ራሱ እየቀለጠ መጋጠሚያውን የሚሞላ የብረት ዘንግ አቀረቡ። በ1890 ደግሞ በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ፣ ቻርልስ ኮፊን ተመሳሳይ ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። ሐሳቡ ነበረ፤ መጋጠሚያው ግን የሚታመን አልነበረም። የቀለጠው ብረት ከዘንጉ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሳህኑ እስኪደርስና ደርሶም እስኪረጋ ድረስ ለአየር የተጋለጠ ነው። ኦክሲጅኑ በብረቱ ውስጥ ያለውን ካርቦንና ማንጋኒዝ ያቃጥላል፤ ናይትሮጅኑ ደግሞ በብረቱ ውስጥ ገብቶ እንዲሰባበር ያደርገዋል። ከላይ ሲታይ ደኅና የሚመስል ብየዳ ሲታጠፍ እንደ ሸክላ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን መጋጠሚያ ለአጥር በር እንጂ ለቦይለር ማን ያምነዋል?

ሼልበርግ በ1904 በወደብ ከተማይቱ በዮተቦርይ ኩባንያቸውን አቋቋሙ፤ ስሙ ሲተረጐም የኤሌክትሪክ ብየዳ አክሲዮን ማኅበር ማለት ሲሆን፣ ዓለም የሚያውቀው ግን ኤሳብ በሚለው ምኅጻረ ቃል ነው። ሥራው መርከቦችንና ቦይለሮችን መጠገን ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ከመሰባበሩ ሌላ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት ነበር። በፋብሪካ ውስጥ ሥራውን ገልብጦ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መበየድ ይቻላል፤ መርከብን ግን ማን ይገለብጠዋል? በያጁ ከመርከቡ ሆድ ሥር ገብቶ ወደ ላይ መበየድ አለበት። ከራቁት ሽቦ የሚወርደው ትልቅ ጠብታ ደግሞ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ በበያጁ ላይ ይወርዳል።

መፍትሔው ሲታይ ቀላል ነው። ካርቦኔትና ሲሊኬት ባለበት ወፍራም ቅልቅል ውስጥ የብረት ሽቦ ነክሮ ማድረቅ! ይህ ሐሳብ በስዊድን የፓተንት ቍጥር 27152 የተሰጠው ሲሆን ቀኑ ጁን 29 ቀን 1907 ነው። ይሁን እንጂ ይህ እንደ ኖራ የተለሰነ ነገር በአርኩ ሙቀት ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ ብዙ ተግባር ያከናውናል። ካርቦኔቱ ተበትኖ የሚሰጠው ጋዝ አየሩን ከቀለጠው ብረት ላይ ገፋ ያደርገዋል። ሲሊኬቱ ቀልጦ ስላግ ይሆናል፤ ከብረቱ ስለሚቀልም በላዩ ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ይሸፍነዋል፤ ቆሻሻውን ይስባል፤ ብረቱም ቀስ ብሎ እንዲበርድ ያደርጋል። በማጣበቂያው ውስጥ ያሉት ሶዲየምና ፖታሲየም አርኩ በቀላሉ እንዲነሣና እንዳይጠፋ ይረዳሉ። ከዚህም በላይ የውስጡ ሽቦ ከሽፋኑ ቀድሞ ስለሚቀልጥ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ጽዋ ያለ ቅርጽ ይፈጠራል፤ ይህም ጠብታውን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይመራዋል። ወደ ላይ መበየድ አስተማማኝ ሥራ የሆነው በእንዲህ ያለው ሽፋን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሽፋኖች ከዛሬዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ስሶች ነበሩ። በመንከር የሚለበስ ዘንግ ደግሞ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይህ ጉድለት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሽፋኑ በአንድ ወገን የሳሳ ወይም የተላጠ ኤሌክትሮድ አርኩ ወደዚያው ወገን ይሸሻል፤ በያጁም እጁን ይወቅሳል። እዚህ ላይ የሼልበርግን ታሪክ ለጊዜው ገታ አድርገን አንድ ነገር እንበል። በሥራ ቤቶቻችን ማናቸውም የብየዳ ጉድለት ሲታይ ቶሎ ብሎ ኮረንቲ የመጨመር ልማድ አለ። 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 6013 የተባለው ተራ ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፔር ያህል ይበቃዋል። ከዚህ አንሶ ከተጣበቀ መጨመር ተገቢ ነው። ከልክ ሲያልፍ ግን ዘንጉ እስከ መያዣው ድረስ ይቀላል፤ ሽፋኑ ሥራውን ከመሥራቱ በፊት ይቃጠላል፤ የሳህኑም ጠርዝ በብየዳው ዳር ይቦረቦራል። ቀዳዳ የሚበዛው ብዙውን ጊዜ አርኩ ስለረዘመ ነው፤ በጫፉና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት ከሽቦው ውፍረት እምብዛም መብለጥ የለበትም። ስላግ በውስጥ የሚቀረው ደግሞ የቀደመው መሥመር በመዶሻና በብረት ብሩሽ ሳይጠረግ ሌላ ሲደረብበት፣ ወይም ስላጉ ከዘንጉ ቀድሞ ሲሮጥ ነው። በዲሲ ኮረንቲ ሲበየድ አርኩ ያለ ነፋስ ወደ አንድ ወገን ከተገፋ ምክንያቱ መግነጢሳዊ ኀይል ነውና የምድር መቆንጠጫውን ቦታ መለወጥ፣ አርኩን ማሳጠር ወይም ወደ ኤሲ መሻገር ይረዳል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው እርጥበት ነው። ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጠንካራ በሆነ ብረት ውስጥ ገብቶ፣ ብየዳው ከበረደ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ተቈጣጣሪው ፈርሞ ከሄደ በኋላ፣ ከመጋጠሚያው ሥር ስንጥቅ ይፈጥራል። ስለዚህ 7018ን የመሰሉ ሃይድሮጅናቸው ዝቅተኛ የሆነ ኤሌክትሮዶች እርጥበት ካገኛቸው እንደ አምራቹ መመሪያ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ምድጃ ደርቀው፣ ከዚያም በሞቀ ሣጥን መቀመጥ አለባቸው። በክረምት ወራት ፓኬቱን ከፍቶ በመጋዘን ወለል ላይ የሚተው ንብረት ክፍል የበያጁን ሥራ አስቀድሞ አበላሽቶታል። ነገር ግን ይህን ደንብ ለሁሉም ማዋል ስሕተት ነው፤ ሽፋናቸው ሴሉሎስ የሆነው 6010ና መሰሎቹ ጥቂት እርጥበት ስለሚያስፈልጋቸው በምድጃ ከደረቁ ይበላሻሉ።

ወደ ሼልበርግ እንመለስ። የቴክኒክ ችግሩ ቢቃለልም ሌላ ፈተና ቀርቷል፤ ይኸውም የመርከብ ባለቤቶችንና መርማሪዎችን ማሳመን ነው። ሪቬትን ማንም መዶሻ ይዞ በድምፁ ሊፈትነው ይችላል፤ የብየዳን ውስጥ ግን ማን ያያል? ጥገና መፈቀዱ አንድ ነገር ሲሆን መርከብን በሙሉ በብየዳ መሥራት ሌላ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የመርከብ እጥረት ሲያመጣ የብዙዎች አስተያየት ተለወጠ። በ1920 በእንግሊዝ አገር በበርከንሄድ ፉላጋር የተባለው መርከብ ያለ ሪቬት ተሠርቶ ወደ ባሕር ወረደ። በዚያው ዓመት የሼልበርግም ኩባንያ ኤሳብ 4 የተባለ፣ አካሉ በሙሉ የተበየደ ትንሽ ጀልባ በዮተቦርይ ሠራ። ስለ ብየዳ ብዙ ከመከራከር ሠርቶ በውኃ ላይ ማሳየት ይሻላል፤ በእኛ አስተያየት ከፓተንቱ ቀጥሎ ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ ሽፋኑን ሌሎች አሻሽለውታል። በእንግሊዝ አገር ስትሮመንገር ሽቦውን በአዝቤስቶስ ጠቀለሉት፤ በ1920ዎቹ በአሜሪካ ወፍራም ሽፋን በመሣሪያ ግፊት ማልበስ ተጀመረ፤ ውፍረቱም እኩል ሆነ። ሼልበርግ በበኩላቸው በ1922 በጀርመን አገር፣ በፊንስተርቫልደ ከተማ፣ በስማቸው የሚጠራ የብየዳ መሣሪያ ፋብሪካ አቋቁመዋል።

ሼልበርግ በ1931 በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። ብየዳ የመርከብ ግንባታን ሙሉ በሙሉ ሲቈጣጠር አላዩም፤ የዚያንም ሥጋት አላዩም። በጃንዋሪ 1943 በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ወደብ፣ አዲሱ የነዳጅ መርከብ ስኬነክተዲ በጸጥተኛ ውኃ ላይ ታስሮ ሳለ በድንገት ለሁለት ተሰነጠቀ። ሪቬት ባለበት መርከብ ስንጥቅ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሊቆም ይችላል፤ በተበየደው ግን ብረቱ አንድ ወጥ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። በእንዲህ ያሉት አደጋዎች ላይ የተደረጉት ምርመራዎች በብርድ የሚሰባበረውን የሳህኑን ብረት፣ ኀይል የሚከማችበትን የማዕዘን አሠራርና ጉድለት ያለበትን ብየዳ በአንድነት ተጠያቂ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የብረቱ ዓይነት፣ የማዕዘኑ ቅርጽና የበያጁ ፈተና በደንብ ተወሰኑ፤ በፊንስተርቫልደ ያለው ፋብሪካም ከጦርነቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ይዞታ ሥር ሆኖ በፕላዝማ ብረት መቍረጫ መሣሪያ ሥራ ስሙን አስጠራ።