ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣውን ድርጅቱን ሸጦ ቸኮሌት ላይ የቀረው ሰው

ዛሬ ስሙን ቸኮሌት ማሸጊያ ላይ የምታውቁትን የሚልተን ሄርሺን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሚልተን በ1857 አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሄንሪ ያዋጣል የተባለ ነገር ሁሉ የሚያጓጓው ሰው ነበር። አንዱን ይጀምርና ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ቤተሰቡም አብሮት ከቦታ ቦታ ይንከራተታል። በዚህ የተነሳ ልጁ በትምህርቱ ብዙም አልገፋም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ገብቶ አልሆነለትም። ከዚያ ላንካስተር ከተማ ከአንድ ከረሜላ ሠሪ ጋር አራት ዓመት ሙያ ተማረ።

በ1876፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ፊላደልፊያ ላይ የራሱን ከረሜላ ቤት ከፈተ። ስድስት ዓመት ታግሎ ከሰረ። ወደ ዴንቨር ሄዶ ተቀጠረና እዚያ አንድ ነገር ተማረ፦ ካራሜል በትኩስ ወተት ሲሠራ ጣዕሙም ይጨምራል፣ ቶሎም አይበላሽም። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ሞከረ፤ በ1886 እሱም ተዘጋ። ባዶ እጁን ላንካስተር ሲመለስ ዘመዶቹ ሳይቀሩ ፊት ነሱት።

እሱ ግን እንደ አባቱ ሌላ ሥራ ፍለጋ አልሄደም። የሚያውቀውን ካራሜል እንደገና ጀመረ። ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ነጋዴ ትልቅ ትዕዛዝ ሰጠው፤ ባንክም አበደረው። በቃ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሺህ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ባለቤት ሆነ።

በ1893 ቺካጎ በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከጀርመን የመጡ የቸኮሌት ማሽኖች አየና ገዛቸው። መጀመሪያ ቸኮሌቱ የካራሜሉ ተቀጥላ ነበር። በ1900 ግን ለካራሜል ድርጅቱ ገዢ መጣ፤ ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላር። ሚልተን ሸጠ! የቸኮሌቱን ሥራና ማሽኖቹን ግን አልሰጠም።

እንግዲህ አስቡት፤ የሸጠው በደንብ የሚያተርፈውን ነው፣ ያስቀረው ደግሞ ገና ያልተረጋገጠውን። ካራሜል ጊዜው ያልፋል፣ ቸኮሌት ግን ይቆያል ብሎ ነበር ያመነው። የወተት ቸኮሌት ያኔ የሀብታም ምግብ ነበር። እሱ ማንም ሰው በ5 ሳንቲም ገዝቶ እንዲበላው ፈለገ። ከመቶ በላይ ዓይነት ምርት ነበረው፤ አብዛኛውን ትቶ ጥቂቱን በብዛት ማምረት ያዘ። ፋብሪካውንም ትልቅ ከተማ ላይ ሳይሆን ወተት በሚገኝበት፣ በተወለደበት ገጠር ሠራው። በ1905 ተጠናቀቀ። ባለ 5 ሳንቲሙ ቸኮሌት መጠኑ ቢቀያየርም ዋጋው እስከ 1969 ድረስ አልተነካም።

ታዲያ ሚልተን ሁሌም ልክ ነበር ወይ? አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር ሲጠፋ ኩባ ሄዶ እርሻና ፋብሪካ አቋቋመ። ይሄ ለቸኮሌቱ የሚያስፈልገው ነበር። ችግሩ የመጣው ከስኳር ማምረት አልፎ የስኳር ዋጋ ይወጣል ብሎ ገንዘቡን ያስያዘ ጊዜ ነው። በ1920 ዋጋው ወደቀ። ኪሳራው ከባድ ስለነበር ከባንክ ተበደረ፤ ባንኩም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ድርጅቱን የሚቆጣጠር የራሱን ሰው አስቀመጠበት። የዚያን ያህል ጠንቃቃ የነበረ ሰው በአባቱ መንገድ ሊጠፋ ለትንሽ ነው የተረፈው።

ሚልተንና ባለቤቱ ካትሪን ልጅ አልወለዱም። በ1909 ወላጅ ለሌላቸው ወንድ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። እሷ ካረፈች በኋላ፣ በ1918፣ አብዛኛውን ሀብቱን ለትምህርት ቤቱ አደራ አደረገው። በ1945፣ በ88 ዓመቱ አረፈ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያስተምራል።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባል የለ? ከዚህ ታሪክ እኛ የወሰድነው፣ አንድ ሥራ ስላዋጣ ብቻ መያዝ እንደሌለበት ነው። ካራሜሉም ያዋጣ ነበር። ሚልተንን ያነሳው በእጁ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ሊጥለው የነበረው ደግሞ ዋጋ ይጨምራል የሚል ተስፋ።

እናንተስ እያዋጣችሁ የተዋችሁት ሥራ አለ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።