ግሬስ ሆፐር፤ ከማስታወሻ ደብተር እስከ መፈተኛ ፕሮግራም

የግሬስ ሆፐር ስም በባለሙያዎች ዘንድ ሲነሣ አብራ የምትነሣው በ1947 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሃርቫርድ ማርክ ሁለት ኮምፒዩተር ውስጥ ተገኝታ መዝገብ ላይ የተለጠፈችው የእሳት ራት ናት። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የማሽንን ጉድለት በእንግሊዝኛ በነፍሳት ስም መጥራት መሐንዲሶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የለመዱት ነበር። ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ብዙም የማይወራለት ሌላው ሥራቸው ነው።

ሆፐር በ1906 በኒውዮርክ ተወለዱ፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ በቫሳር ኮሌጅም ያስተምሩ ነበር። በ1943 መጨረሻ ወደ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ገብተው በተከታዩ ዓመት በሃርቫርድ ማርክ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ተመደቡ። በዚያም እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ተፈትነው ትክክል መሆናቸው የታወቀውን የፕሮግራም ክፍሎች በማስታወሻ ደብተር ያኖሩ ነበር። ችግሩ የሚመጣው በግልበጣው ጊዜ ነው። ክፍሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ወደ አዲሱ ሥራ በእጅ ሲጻፍ አንድ አኃዝ ይሳሳታል፤ በዚህም ስሌቱ በሞላ ይበላሻል። ሰውን ተጠንቀቅ ብሎ መምከር ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ ሆፐር በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር ሠሩ፤ ተግባሩም የተቀመጡትን ክፍሎች ሰብስቦ በየአድራሻቸው ማያያዝ ነበር። ኮምፒዩተር ያሰላል እንጂ ፕሮግራም አያዘጋጅም ብሎ ያላመናቸው ሰው ጥቂት አልነበረም።

በ1959 የተጀመረው ኮቦል ከሆፐር ፍሎው-ማቲክ ብዙ የወረሰ ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አምራች ኮቦልን በራሱ መንገድ ተርጉሞ ስለ ሠራው፣ በአንዱ ማሽን በደንብ የሠራ ፕሮግራም በሌላው አልሠራ ይል ጀመር። ልዩ ልዩ ማሽኖች የነበሩት ባሕር ኃይል በ1966 መጨረሻ በጡረታ ያሰናበታቸውን ሆፐርን በ1967 ለስድስት ወር ብሎ መልሶ ጠራቸው። በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ ቢያርፉም ስድስቱ ወር ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋ።

ቡድናቸው ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። በቋንቋው ደንብ የታዘዙትን ነገሮች እየለዩ በዚያው በኮቦል መፈተኛ ፕሮግራሞች ጻፉ። ፕሮግራሙ በሚመረመረው ኮምፓይለር ይተረጐማል፤ ከዚያም ይሠራና ውጤቱ ከሚጠበቀው ጋር ተነጻጽሮ አለፈ ወይም ወደቀ ይባላል። እስከዚያ ድረስ ገዢው በአምራቹ ቃል ያድር ነበር፤ አሁን ግን ራሱ ሊፈትን ቻለ። ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚቀርቡ የኮቦል ኮምፓይለሮችም በ1970ዎቹ በእንዲህ ያለ ፈተና ይታዩ ጀመር። እርግጥ ነው፣ መፈተኛው ያልጠየቀውን ጉድለት አያገኝም፤ ያለፈ ኮምፓይለር ሁሉ እንከን የለሽ ነው ማለትም አልነበረም። ቢሆንም በእኔ አስተያየት ከኤ-ዜሮ ይልቅ ለዛሬው የቡድን ሥራችን የሚቀርበው ይህ ነው። ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር በራሳቸው የሚካሄዱ ፈተናዎችን የሚያሰናዳ ባልደረባ፣ የሚያሰናዳው የዚያው ዓይነት መፈተኛ ነው።

ሆፐር በ1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራል ማዕረግ ከባሕር ኃይል ተሰናበቱ። ከዚያም በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በአማካሪነት ሠርተው በ1992 የመጀመሪያ ቀን ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በአርሊንግተን መካነ መቃብር ዐርፏል።