ስም የለወጡት ሐኪም

በዛሬው ዕትማችን የምናስታውሳቸው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ኦይገን ብሎይለር በ1857 እ.ኤ.አ. ዙሪክ አጠገብ በምትገኘው ዞሊኮን መንደር ተወለዱ። እህታቸው የአእምሮ ሕመምተኛ ስለነበሩ ነገሩን ከቤታቸው ያውቁታል።

በ1886 ራይናው በምትባል ቦታ፣ ቀድሞ ገዳም የነበረ ሆስፒታል ኃላፊ ሆኑ። እዚያም እስከ 1898 ከሕሙማኑ ጋር ኖሩ። አብረዋቸው ሠሩ፤ በገዛ ቀበልኛቸው አዋሯቸው፤ የሰሙትንም ጻፉ።

በዚያን ጊዜ ሕመሙ የሚጠራው፣ ጀርመናዊው ክሬፔሊን ባስፋፉት ስም፣ ያለ ዕድሜ የሚመጣ የአእምሮ መድከም ተብሎ ነበር። እንግዲህ ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው አለቀለት ማለት ነው! ብሎይለር አብረው ኖረው ያዩት ግን ሌላ ነው፦ ሕመሙ ሁሌ በወጣትነት አይጀምርም፤ ሁሌም አእምሮን ጨርሶ አያጠፋም፤ ሥራ ሲያገኙ ወይም ቤታቸው ሲመለሱ የሚሻላቸው አሉ። ስለዚህ በ1908 ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም አቀረቡ፤ በ1911ም በመጽሐፍ አብራሩት። ትርጉሙ የአእምሮ መከፈል ነው፤ ይኸውም አንዱ ሰው ሁለት ሆነ ሳይሆን የሐሳብና የስሜት ማያያዣው ላላ ለማለት ነው።

እንከናቸውንም አንሸሽግም፤ በጠና የታመሙ ሰዎች እንዳይወልዱ ማምከንን ደግፈዋል። በ1939 ሞቱ። ሕመሙን በደንብ የሚያስታግሰው የመጀመሪያው መድኃኒት የመጣው በ1952 ነው።

እኛም ነገ ክፍል ስንገባ ስም ማውጣት ይቀናናል፦ ሰነፍ፣ ደደብ፣ የማይገባው። ይህን ከማለታችን በፊት ከልጁ ጋር ስንት ቀን ተቀምጠናል?