የክብሪቱ ንጉሥና የባለአክሲዮኖች ካፒታል

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሒሳብ አያያዝ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አክሲዮን ማኅበራት በጋዜጣ ላይ የሚያወጡትን የሀብትና ዕዳ መግለጫ ብዙዎቻችን የባንክ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለን ገጹን ገልብጠን እናልፋለን። ከእነዚያ ቁጥሮች መሐል ግን “የባለአክሲዮኖች ካፒታል” የምትል አንዲት መስመር አለች። ይቺ መስመር የጡረተኛውን፣ የነጋዴውንና የመምህሩን ቁጠባ የተሸከመች ናት። ትርጉሟን በቀመር ብቻ ከማስረዳት ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ማሳየት ይሻላል ብዬ ስላሰብኩ ስዊድናዊውን ኢቫር ክሩገርን መርጫለሁ። በዘመኑ “የክብሪት ንጉሥ” ይሉት ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንረዳ

እስቲ በየሰፈራችን ያለችውን ዓይነት ሱቅ እናስብ። ዕቃው፣ ማቀዝቀዣውና በእጅ ያለው ገንዘብ ሲደመር 100 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። ባለሱቁ ለጅምላ አከፋፋይ የሚከፍለው 60 ሺህ ብር ዕዳ አለበት። ዕዳው ሲቀነስ 40 ሺህ ብር ይቀራል። የባለቤቱ ካፒታል ማለት ይሄ ቀሪ ነው። ሱቁ አክሲዮን ማኅበር ቢሆን ኖሮ ቀሪው የባለአክሲዮኖች ካፒታል ይባል ነበር። በውስጡም ባለአክሲዮኖቹ ከኪሳቸው ያዋጡት የተከፈለ ካፒታል እና ሳይከፋፈል የቀረ ትርፍ ከነመጠባበቂያው ይገኛሉ።

ልብ በሉ፣ 40 ሺህ ብሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆጥሮ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም። በመደርደሪያው፣ በስኳሩና በዘይቱ ላይ ተበትኖ ያለ መብት ነው። ታዲያ በደብተር ከተጻፈው ዕቃ ውስጥ የ30 ሺህ ብሩ ከመጀመሪያውም ያልነበረ ሆኖ ቢገኝስ? አከፋፋዩ ከ60 ሺህ ብሩ ሰባራ ሳንቲም አይቀንስም። የባለቤቱ 40 ሺህ ግን ወደ 10 ሺህ ይወርዳል። ሀብቱ ውሸት ሲሆን ዕዳው ባለበት ይቆማል፤ ጉዳቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ባለቤቱ ነው። የክሩገር ታሪክም በአጭሩ ይኸው ነው፤ የሱቁ ስፋት ግን ዓለምን ያህላል።

ከአርማታ ወደ ክብሪት

ክሩገር ማርች 2 ቀን 1880 ካልማር በምትባል የስዊድን የወደብ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የክብሪት ፋብሪካ ነበረው። በስቶክሆልም ምህንድስና ተምሮ ገና በ20 ዓመቱ አካባቢ ተመረቀና አሜሪካን፣ ሜክሲኮንና ደቡብ አፍሪካን እየዞረ ሠራ። አሜሪካ ሳለ ያኔ አዲስ በነበረው በብረት የተጠናከረ አርማታ የመገንባትን ዘዴ ተማረ። አገሩ ተመልሶም በ1908 ከኢንጂነር ፖል ቶል ጋር ክሩገር ኤንድ ቶል የተባለውን የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ሥራውን በተባለው ቀን በማስረከብ ስም አተረፈ። በ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ስታዲየም ግንባታም ተሳትፏል።

ይህን ዘመን ሳነብ ሰውየውን ወድጄዋለሁ ማለት እችላለሁ። ያኔ የድርጅቱ ሀብት በዓይን የሚታይ ነበር። ማንም ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሕንፃውን ማየት ይችላል።

ቀጥሎ ፊቱን ወደ ቤተሰቡ ሙያ አዞረ። ትናንሽ የክብሪት ፋብሪካዎችን እየሰበሰበ ሄዶ በ1917 ከትልቁ ተፎካካሪው ጋር በማዋሐድ የስዊድን ክብሪት ኩባንያን ፈጠረ። በዚያው ዓመት ክሩገር ኤንድ ቶልም ግንባታውን ለብቻው ለይቶ የሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚይዝ ድርጅት ሆነ። ከእንግዲህ የድርጅቱ ሀብት ሕንፃ ሳይሆን ወረቀት ነው።

ለመንግሥታት ያበደረ ነጋዴ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአውሮፓ መንግሥታት ካዝና ባዶ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ገንዘብ ሞልቶ ተርፏል። ክሩገር መሐል ገባ። በ1923 ኢንተርናሽናል ማች የተባለ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ አቋቋመና በታዋቂው ሊ ሂጊንሰን ባንክ በኩል አክሲዮንና ቦንድ ለአሜሪካውያን ሸጠ። በሰበሰበው ገንዘብም መንግሥታትን እያበደረ በምላሹ በየአገራቸው ክብሪት የመሸጥ ልዩ መብት ይቀበል ጀመር። ከፖላንድ ጋር በ1925 ተዋዋለ፤ በ1927 ለፈረንሳይ 75 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1929 ለጀርመን 125 ሚሊዮን ዶላር ሊያበድር ተስማማ። ከዓለም የክብሪት ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእጁ እንደገባ ይነገርለት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተን ማየት አለብን።

አንደኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው ባለቤት ነውና በጉባኤ ድምፅ መስጠት ይገባዋል። ክሩገር ግን “ቢ” የተባሉ አክሲዮኖችን አወጣ። የአንዱ “ቢ” አክሲዮን ድምፅ የመደበኛው አክሲዮን አንድ ሺህኛ ብቻ ነበር። ከዚህም አልፎ የትርፍ ድርሻ የሚያስገኙ፣ ግን ድምፅ የማይሰጡ የብድር ሰነዶችን ሸጠ፤ እነዚህም አሜሪካውያን በብዛት ከያዟቸው ሰነዶች መካከል ነበሩ። በዚህ መንገድ የሌላውን ሰው ገንዘብ ወሰደ፤ ሥልጣኑን ግን ለማንም አላካፈለም።

ሁለተኛው የትርፍ ድርሻ ነው። ክሩገር ኤንድ ቶል በአክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ 25 በመቶ፣ ኋላም 30 በመቶ የትርፍ ድርሻ ይከፍል ነበር። የዚህን ያህል የሚከፍል ድርጅት ማን ይጠረጥራል? ነገር ግን የትርፍ ድርሻ መከፈል ያለበት ከተገኘ ትርፍ ነው። ትርፉ ሳይኖር ከከፈልክ፣ ከአዲሱ ባለአክሲዮን የተቀበልከውን ለአሮጌው መስጠትህ ነው። የክሩገር ትርፍ ደግሞ አብዛኛው የወረቀት ትርፍ እንደነበር በኋላ ተረጋግጧል። ኩባንያዎቹ እርስ በርስ እየተገበያዩና እየተበዳደሩ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የገባውን ገንዘብ ትርፍ ብለው ይመዘግቡ ነበር። ከአሜሪካ የተሰበሰበው ገንዘብ ብዙው የሄደው ሊችተንሽታይን ቫዱዝ ውስጥ ወደተመዘገበው ኮንቲኔንታል ኢንቨስትመንት ወደሚባል የእሱው ኩባንያ ነበር። የአሜሪካ ኦዲተሮች ደግሞ የዚያን ኩባንያ መዝገብ በዝርዝር አይመረምሩም ነበር።

የመጨረሻው ክረምት

በኦክቶበር 1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ክሩገር ከውድቀቱ በኋላም ቃሉን ለመጠበቅ መክፈሉንና ማበደሩን ቀጠለ፤ አዲስ ገንዘብ የሚሰጠው ግን እየጠፋ ሄደ። በ1931 የያዘውን የኤሪክሰን የስልክ ኩባንያ አክሲዮን አይቲቲ ለተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሊሸጥ ተስማምቶ 11 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። ገዢው ኦዲተሮች ላከ። ኦዲተሮቹ በኤሪክሰን መዝገብ ላይ ጥሬ ገንዘብ ተብሎ የተጻፈው ገንዘብ ሳይሆን ከክሩገር ኩባንያዎች የሚፈለግ ሒሳብ መሆኑን ደረሱበት። በ1932 መጀመሪያ አይቲቲ ውሉን አፍርሶ 11 ሚሊዮኑን መልስ አለው። ክሩገር የሚመልሰው አልነበረውም።

ማርች 12 ቀን 1932 ፓሪስ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። የፖሊስ ድምዳሜ ራሱን ገደለ የሚል ነው። ወንድሙ ግን ተገድሏል ብሎ ሲከራከር ኖሯል። በዚያ ሰዓት ባንክ ሰዎቹ በዚያው ከተማ ለስብሰባ እየጠበቁት ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ ከሞቱ በኋላ መዝገቡ ተከፈተ። የፕራይስ ዋተርሀውስ ሒሳብ አዋቂዎች መረመሩ። ከካዝናው ውስጥ ዋጋቸው 28 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው የተባለላቸው የኢጣሊያ መንግሥት ቦንዶች ተገኙ። ሁሉም የሐሰት ነበሩ፤ የባለሥልጣናቱ ፊርማ ሳይቀር ተጭበርብሮ ተፈርሟል። ወደ ሱቃችን ምሳሌ ስንመለስ፣ በደብተር ያለው በመደርደሪያ ላይ የሌለው ዕቃ ይሄ ነው። ኩባንያው ከሰረ፤ አበዳሪዎች ተሰለፉ፤ ባለአክሲዮኖች ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። መዘዙ የስዊድንን ፖለቲካም አናወጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ካርል ጉስታፍ ኤክማን ከክሩገር ገንዘብ መቀበላቸው ስለተጋለጠ በዚያው ዓመት ሥልጣን ለቀቁ።

ሁሉም ነገር ግን ውሸት አልነበረም። የክብሪት ፋብሪካዎቹና ኤሪክሰን እውነተኛ ነበሩና ከውድቀቱ ተርፈው ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠርተዋል። እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነው። ሰውየው እውነተኛ ሥራ ነበረው፤ ሥራው ሊከፍል ከሚችለው በላይ ቃል ገባ፤ ክፍተቱን በወረቀት ሞላው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አሜሪካ በ1933 እና በ1934 ባወጣቻቸው የሰነድ ገበያ ሕጎች፣ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጡ ኩባንያዎች መረጃቸውን እንዲገልጹና ሒሳባቸውም በገለልተኛ ኦዲተር እንዲመረመር አስገደደች። ለሕጎቹ መውጣት ምክንያት ከሆኑት ቅሌቶች አንዱ የክሩገር ነበር። ሕግ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ጋዜጦች ስለ ክሩገር ዝምታ፣ ስለ አለባበሱና ስለ ቤቶቹ ብዙ ጽፈዋል። ታይም መጽሔት በዚያው የገበያ ውድቀት ወር ፎቶውን በሽፋኑ ላይ አውጥቶታል። ቀሪው ከምን ላይ እንደተቀነሰ የጠየቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ነገ በሙያው ስንሰማራ አንድ ድርጅት ካፒታሌ ይህን ያህል ደረሰ ብሎ መግለጫ ሲሰጠን ሦስት ነገሮችን ብንጠይቅ መልካም ነው እላለሁ። ቁጥሩን የደገፈው ሀብት ምንድን ነው፣ የትስ ነው ያለው? የትርፍ ድርሻው የተከፈለው ከትርፍ ነው ወይስ ከአዲስ መዋጮ? መዝገቡንስ ማን መረመረው፣ ያልተፈቀደለት ክፍል አለ? ለሦስቱ መልስ ካላገኘን፣ ዜናው የካፒታሉ ማደግ ሳይሆን የመልሱ መጥፋት ነው።